ልጄን የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ፈለገው፤ በሩጫ ግን ስኮላርሺፕ የለም ተባልን፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው በቨርጂንያ አሌክሳንድርያ ከሚኖሩ አንድ አባት ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። 3,200 ሜትር በ9 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሮጧል፤ በትምህርቱም ጎበዝ ነው፤ ባዮሎጂ ማጥናት ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት በፔንሲልቬንያ የሚገኝ 1,500 ያህል ተማሪ ያለው ኮሌጅ አሰልጣኝ ደውሎ ለቡድናችን እንፈልገዋለን አለን። ደስ ብሎን ስንጠይቅ ግን በሩጫ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ እንደሌለ፣ የዓመቱ ወጪም 78,000 ዶላር እንደሆነ ነገረን። እኔ እንደማውቀው ሯጭ ከተፈለገ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። ይህ እውነተኛ ቡድን ነው ወይስ ተማሪ መሰብሰቢያ? እዚሁ ኖቫ በሚባለው የሁለት ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ቢሻገር አይሻልም ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በአንድ ትንሽ ኮሌጅ የአገር አቋራጭና የመም ቡድን ውስጥ ለዓመታት ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ቤተሰቦችን በኮሌጅ ምርጫና በፋይናንሻል ኤይድ አማክራለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎን ከስልኩ በሁለቱም ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። መልሱን ከመጀመሪያው ልንገርዎ፦ ቡድኑ እውነተኛ ነው፤ ተማሪ መሰብሰቢያም ነው። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ልጅዎ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ግን አሰልጣኙ በስልክ ያሳየው ፍላጎት ሳይሆን ኮሌጁ በጽሑፍ የሚሰጥዎ የገንዘብ ቁጥር ነው።

ከገለጻዎ እንደምረዳው ኮሌጁ የዲቪዥን 3 አባል ነው። ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በ1973 አባላቱን በሦስት ዲቪዥን የከፈለ ሲሆን፣ ዲቪዥን 3 ከ430 በላይ ኮሌጆችን ይዞ በአባላት ብዛት ከሦስቱም ትልቁ ነው። የዚህ ዲቪዥን ሕግ ለማንም ተማሪ በስፖርት ችሎታው፣ በቡድን አባልነቱም ሆነ በውጤቱ ምክንያት አንድም ዶላር እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ኮሌጆቹም ለስፖርተኞቻቸው የሰጡት እርዳታ ለሌላው ተማሪ ከሰጡት የተለየ እንዳልሆነ በየዓመቱ ለማኅበሩ ሪፖርት ያቀርባሉ። ስለዚህ አሰልጣኙ የነገረዎት እውነት ነው። እንዲያውም «ለሩጫው አንድ ነገር እናደርግለታለን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር። ከቴሌቪዥን የሚገኝ ገቢም ለእነዚህ ኮሌጆች የለም ማለት ይቻላል። ማኅበሩ ከሚያገኘው ገቢ ለዲቪዥን 3 የሚመደበው 3.18 በመቶ ሲሆን እሱም በአብዛኛው የሚውለው ለብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ነው። የቡድኑ አውቶቡስ፣ ማልያው፣ የአሰልጣኙ ደመወዝ ሁሉ የሚወጣው ከኮሌጁ ካዝና ነው፤ ካዝናውን ደግሞ በዋናነት የሚሞላው እናንተ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው።

«ሯጭ ከተፈለገ ይከፈለዋል» ያሉት እኛ አገር ላለው አሠራር ትክክል ነው። በኢትዮጵያ ሯጭ የክለብ ሰው ነው፤ መከላከያ ወይም ንግድ ባንክ ሲይዘው ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ ካምፕ ይገባል፣ ትምህርቱ ጎን ለጎን ከሄደ ሄደ፣ ካልሄደም ማንም አይደነግጥም። እዚህ ግን ሩጫው የተገነባው በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለሆነ፣ በዲቪዥን 3 ልጁ ተማሪ ሆኖ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ይሮጣል። በሩጫ የሚከፈልበት ዲቪዥን 1 መኖሩ እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን በሩ እየጠበበ ነው። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የኤንሲኤኤና የስፖርተኞች ስምምነት የቀድሞውን የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ አንሥቶ፣ ስምምነቱን የተቀበሉ ኮሌጆች በቡድን የሚይዙትን ሰው ብዛት ወስኗል፤ በአገር አቋራጭ 17፣ በመምና በሜዳ ተግባራት 45። ቀድሞ ያለ ክፍያ በቡድን ውስጥ እየተለማመዱ በሦስተኛ ዓመታቸው የሚያብቡ ልጆች ነበሩ፤ አሁን ለእነሱ የሚተርፈው ቦታ አነስተኛ ነው። 9 ደቂቃ ከ42 ጥሩ ሰዓት ነው፣ ለልጅዎም እንኳን ደስ ያለው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የሚያወጡት ግን ወደ 9 ደቂቃ ለተጠጋ ወይም ከዚያ ለወረደ ሯጭ ነው። በአንድ የበጋ ልምምድ ሃያና ሠላሳ ሰከንድ ይቀንሳል ብሎ ቤተሰብን ተስፋ ማስያዝ ልክ አይመስለኝም።

ይህ ማለት የትንሽ ኮሌጅ ሩጫ መዝናኛ ነው ማለት አይደለም። የ2013ቱን የሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ያስታውሱ ይሆናል፤ መሐመድ አማን በ800 ሜትር ወርቁን ለኢትዮጵያ ሲያመጣ፣ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች በእሱ ተቀድሞ ብር ያገኘው አሜሪካዊ ኒክ ሲሞንድስ ነበር። ሲሞንድስ የተማረው በኦሪገን ሴለም ከተማ በሚገኘው ዊላሜት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ትንሽ፣ ያኔም ዛሬም የዲቪዥን 3 አባል። ከእሱ በፊት በ1997፣ ልጅዎ በተጠራበት በፔንሲልቬንያ፣ የሃቨርፎርድ ኮሌጁ ካርል ፓራንያ ማይሉን ከ4 ደቂቃ በታች በመግባት ከዲቪዥን 3 ሯጮች የመጀመሪያው ሆኗል። እነዚህ ብርቅ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። የጠቀስኳቸው ልጅዎ እንደነሱ ይሆናል ለማለት ሳይሆን፣ ጥሩ ሯጭ በትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ይባክናል የሚለው ስጋት መሠረት እንደሌለው ለማሳየት ነው።

ደግሞም በኮሌጅ አገር አቋራጭ ከቡድኑ መካከል ያለ ልጅ ዋጋ አለው፤ ይህን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ወንዶች 8 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ በሻምፒዮና አንድ ኮሌጅ ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፤ የቀደሙት አምስቱ ደረጃ ተደምሮ ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ባይቆጠሩም ከሌላው ቡድን አምስተኛ ሰው ቀድመው ከገቡ ድምሩን ያከብዱበታል። እኔ በመጨረሻው መስመር ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቆም አንደኛችን ገብቶ ሲወድቅ ዞር ብዬ እንኳ አላየውም ነበር፤ ዓይኔ ያለው ከኮረብታው ጀርባ ብቅ በሚለው አምስተኛችን ላይ ነው። አንድ ኖቬምበር ላይ በጭቃ አንድ ጫማው የወለቀበት ልጃችን በካልሲ እየሮጠ በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች አራት ሰው ቀድሞ በመግባቱ ውድድሩን በሦስት ነጥብ አሸንፈናል። ያ ልጅ ለብሔራዊ ሻምፒዮና በግሉ አልፎ አያውቅም፤ የቡድናችን ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ሲገናኙ የሚያነሱት እሱን ነው። ልጅዎ በ9 ደቂቃ ከ42 ሰከንዱ በብዙ የዲቪዥን 3 ቡድኖች ውስጥ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከሰባቱ አንዱ የመሆን ዕድል አለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ፣ ተማሪ መሰብሰቢያ ወደሚለው ልመለስ። አነስተኛ የግል ኮሌጆች የሚኖሩት በተማሪ ክፍያ ነው፤ የ18 ዓመት ወጣት ቁጥር በብዙ ክፍለ ግዛቶች እየቀነሰ በመጣበት ጊዜ ደግሞ ወንበርና አልጋ ለመሙላት ስፖርት ዋና መንገድ ሆኗል። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስፖርተኛው ከተማሪው መካከል ጥቂቱ ነው፤ በትንሽ ኮሌጅ ግን ከአራት ተማሪ አንዱ፣ በአንዳንዱም ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የቡድን አባል ነው። አሰልጣኞች በየዓመቱ ይህን ያህል አዲስ ተማሪ አምጡ የሚል ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ እኔም ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ ያን ቁጥር ለመሙላት ስንል ቡድን ውስጥ ቦታ እንደማያገኝ እያወቅን «እንፈልግሃለን» ያልናቸው ልጆች ስለነበሩ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ «እንፈልገዋለን» የሚለው ቃል ለአሥረኛውም ለአርባኛውም ልጅ በእኩል ድምፅ ሊነገር እንደሚችል ይወቁ።

ልጅዎ ከየትኞቹ እንደሆነ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር በሕግ አስገድዶ ከየኮሌጁ የሚሰበስበውና ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የስፖርት መረጃ አለ፤ በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ኢ ኤ ዲ ኤ ይባላል። የኮሌጁን ስም ሲያስገቡ በእያንዳንዱ ቡድን ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንት አሰልጣኝ እንዳለ፣ ምን ያህል ወጪ እንደተደረገ ያሳያል። የሦስትና የአራት ዓመቱን አስተያይተው ይመልከቱ። በዚያው መሥሪያ ቤት ኮሌጅ ስኮርካርድ በተባለው ገጽ ደግሞ ከገቡት ስንት በመቶ እንደሚመረቁ ያያሉ። ቀጥሎ አሰልጣኙን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ ከሦስት ዓመት በፊት አብረው ከገቡት የመጀመሪያ ዓመት ሯጮች ዛሬ ስንቱ በቡድኑ አሉ? ለኮንፈረንስ፣ ማለትም ኮሌጁ ለሚወዳደርበት ሊግ፣ ሻምፒዮና ስንት ልጅ ይዘህ ትሄዳለህ? በቤት ውስጥ የክረምት ውድድርስ? መልሱን ሳያቅማማ በቁጥር የሚነግርዎ አሰልጣኝ የሚታመን ነው። «እኛ ቤተሰብ ነን» እያለ የሚዞር ከሆነ ቁጥሩ እንደማያኮራው ይገባዎታል።

የኮሌጁን ጤንነትም ይመርምሩ። በአላባማ የነበረው በርሚንግሃም ሳዘርን ኮሌጅ በ1856 የተመሠረተ ሲሆን በሜይ 31 ቀን 2024 በገንዘብ እጥረት ተዘጋ፤ በዚያ ሳምንት የቤዝቦል ቡድኑ ኦሃዮ ላይ በዲቪዥን 3 የብሔራዊ ሻምፒዮና የመጨረሻ ዙር ውስጥ ነበር። ልጆቹ የሚጫወቱለት ኮሌጅ ሳይኖር ተጫወቱ። ልጅዎ በተጠራበት ፔንሲልቬንያ የዲቪዥን 3 አባል የነበረው ካብሪኒ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ጥሩ ቡድን መኖሩ ኮሌጁ ነገም እንደሚኖር አያረጋግጥም፤ የተማሪው ቁጥር ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥ እየወረደ መሆኑን ካዩ በግልጽ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ስለ ገንዘቡ ነው። 78,000 ዶላር የተለጠፈ ዋጋ ነው፤ በእንዲህ ያለ ኮሌጅ ሙሉውን የሚከፍለው ሰው ጥቂት ነው። ኮሌጁ በሁለት መንገድ ይቀንሳል፦ አንዱ ለትምህርት ውጤት የሚሰጠው ሜሪት፣ ሌላው በቤተሰብ ገቢ የሚሰላው እርዳታ ነው። ባለፈው ዓመት በሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ቡና እየተፈላ ደብዳቤውን አብረን አነበብን። ወጪው ልክ እንደ እርስዎ 78,000፤ ሜሪት 34,000፤ የኮሌጁ እርዳታ 17,000፤ የፌዴራል የተማሪ ብድር 5,500፤ ወርክ ስተዲ የሚሉት የግቢ ሥራ 2,500። ታች «ቀሪ 19,000» ይላል። እናቲቱ በቀይ እስክሪብቶ ያን ቁጥር ሁለት ጊዜ አክብባ «ይህንንስ ተሯሩጠን እንችላለን» አለችኝ። እኔ ግን ብድሩንና ሥራውን በእጄ ሸፈንኩባቸው። ብድር ተመልሶ የሚከፈል ነው፤ የግቢ ሥራውም ልጁ ሰዓት ቆጥሮ ሲሠራ በየሁለት ሳምንቱ የሚያገኘው እንጂ ከሂሳቡ ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ አይደለም። ስጦታው 51,000 ብቻ ነው፤ እውነተኛው ዋጋ 27,000። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 8,000 በአራት ዓመት 32,000 ይሆናል።

በዚያ ላይ ሜሪቱ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል፤ ክፍያው ግን በየዓመቱ ያድጋል። በዓመት 3 በመቶ እንኳ ቢጨምር 78,000 የነበረው በአራተኛው ዓመት ከ85,000 ያልፋል። ስለዚህ የገንዘብ ክፍሉን ሜሪቱን ለማስቀጠል የሚያስፈልገው የውጤት ነጥብ ስንት እንደሆነና ባለፉት ዓመታት ክፍያው በስንት እንደጨመረ በኢሜይል ይጠይቁ። በኢሜይል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በዲቪዥን 3 አሰልጣኝ ስለ ገንዘብ የሚናገረው ማንኛውም ቃል፣ በቅን ልብም ቢናገረው፣ ኮሌጁን አያስገድድም።

ያልተነገረዎት ጥሩ ጎንም እዚሁ ላይ አለ። እርዳታው በሩጫ ስላልተሰጠ በሩጫ ሊነጠቅ አይችልም። ልጅዎ አጥንቱ ተሰንጥቆ አንድ ዓመት ቢተኛ፣ አሰልጣኙ ቢቀየር፣ ወይም በሦስተኛው ዓመት ለሜዲካል ስኩል ፈተና ለማጥናት ቡድኑን ቢተው፣ ሜሪቱም እርዳታውም አይነካበትም። እግሩን የኮሌጁ ንብረት ሳያደርግ የሚሮጥበት ቦታ መሆኑን እኔ ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ፤ ጉዳታቸውን ደብቀው በሕመም ማስታገሻ የሮጡ ልጆችን ስላየሁ።

ታዲያ አሰልጣኙ የሚሰጠው ምንድን ነው ካሉ፣ በመግቢያው ላይ የሚያደርገው ድጋፍ ነው። መርጠው በሚቀበሉ ኮሌጆች አሰልጣኙ 11ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በጁላይ፣ የልጁን ትራንስክሪፕት ለመግቢያ ክፍሉ ይሰጥና አስቀድመው እንዲያዩት ያደርጋል፤ ቅድመ ንባብ ይሉታል። አረንጓዴ መብራት ከመጣ አሰልጣኙ ልጁን ከሚደግፋቸው ጥቂቶች ስም ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል፤ በምላሹም በኖቬምበር በሚዘጋው ኧርሊ ዲሲዥን በተባለው ማመልከቻ እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። ይህ ማመልከቻ ከተቀበሉህ እመጣለሁ ብሎ መፈረም ስለሆነ ሌሎች ኮሌጆችን በዋጋ የማወዳደር ዕድል ይዘጋል። እርዳታው የማይበቃ ከሆነ መውጣት ይቻላል፤ ቢሆንም ያን ክርክር በዲሴምበር ከመጀመር አስቀድሞ በጁላይ «የገንዘብ ግምቱንም በቅድሚያ ስጡን» ማለት ይበልጣል። ዛሬ ማታ ደግሞ የግብር ወረቀትዎን ይዘው በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተጣራ ዋጋ ማስያ ይሙሉ፤ ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ እንዲያስቀምጠው በሕግ ተገዷል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፤ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የእርዳታ ቅጽ የሚጠይቅ ኮሌጅ ከሆነ እሱንም አብራችሁ ሙሉ።

ባዮሎጂ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ልምምድም ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በትንሽ ኮሌጅ ደግሞ አንድ ኮርስ የሚሰጠው በአንድ ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ርቀት ሯጭ አገር አቋራጩን በመከር፣ የቤት ውስጡን በክረምት፣ የመሙን በጸደይ ስለሚሮጥ ዓመቱን ሙሉ ይነካዋል። ኮሌጁን ስትጎበኙ ቡድኑ ውስጥ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የሚያጠና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ሯጭ ይፈልጉና ላብ ባለበት ቀን መቼ እንደሚሮጥ ይጠይቁት። ብቻዬን ጠዋት እሮጣለሁ ካለዎት እና አሰልጣኙ ይህን እንደ ተራ ነገር ከያዘው ደኅና ነው። በቡድኑ ውስጥ የሳይንስ ተማሪ ፈልገው ካጡ ግን ራሱ መልስ ነው።

ስለ ኢንሹራንስ ደግሞ፦ ልጅዎ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን፣ የቨርጂንያ ሜዲኬይድ፣ ካለው ከአስቸኳይ ሕክምና በቀር ፔንሲልቬንያ ውስጥ አያገለግለውም ብለው ይቁጠሩት። የኮሌጁ የስፖርት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ ኢንሹራንስ ቀጥሎ የሚከፍል ሲሆን፣ የኤንሲኤኤው የከባድ አደጋ ሽፋን የሚጀምረው ወጪው 90,000 ዶላር ካለፈ በኋላ ነው። የኮሌጁን የተማሪ ኢንሹራንስ ዋጋ ከስጦታው በኋላ በሚቀርብዎት እውነተኛ ዋጋ ላይ ደምረው ያስቡ።

ኖቫን በተመለከተ ሐሳብዎ ከባድ ሚዛን ያለው ነው። ከ2018 ጀምሮ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን አድቫንስ በተባለው ፕሮግራም ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የትኞቹን ኮርሶች ወስዶ እንደሚሻገር አውቆ የሚገባበት መንገድ አላቸው፤ ልጁም ቤቱ ይኖራል፣ የክፍለ ግዛት ነዋሪ ዋጋም ይከፍላል። ጉድለቱ በሩጫው በኩል ነው፤ ጆርጅ ሜሰን ዲቪዥን 1 ስለሆነ ሁለት ዓመት ከቡድኑ ውጭ ሮጦ በሦስተኛው ዓመት ቡድኑ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ አስቸጋሪ ይሆናል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ብድሩንና የግቢ ሥራውን ሳልቆጥር ከስጦታው በኋላ የሚቀረው የትንሹ ኮሌጅ ዋጋ፣ ልጁ ጆርጅ ሜሰን በቀጥታ ገብቶ በዶርም ቢኖር ከሚያስወጣኝ ጋር ከተቀራረበ፣ ትንሹን ኮሌጅ እመርጣለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ስሙን የሚያውቅበት፣ ሠላሳ ወንድም የሚያገኝበት ቦታ ነውና። ልዩነቱ በዓመት ከአሥር ሺህ ዶላር ካለፈና በወላጅ ብድር የሚሞላ ከሆነ ግን ኖቫ ይሂድ፤ ሩጫውን በክለብና በጎዳና ላይ ውድድሮች ይቀጥል። የወላጅ ብድር ስምዎ ላይ የሚቀር ነው፤ እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ ሊከተልዎ ይችላል።

ለአሁኑ ከሁሉ የሚቀድመው ለአሰልጣኙ መልስ መስጠት ነው፤ የሚመልሰውም ልጁ ራሱ ይሁን። ስለ ልጅ ሆኖ ትልቅ ሰው ማናገር የአባት ወግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አባት ከደወለ አሰልጣኙ «ልጁ ፍላጎት የለውም» ብሎ ይመዘግባል፤ እኔም እመዘግብ ነበር። አምስት መስመር ይበቃል፦ ስለ ደወሉልኝ አመሰግናለሁ፤ ባዮሎጂ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ የዘንድሮ ሰዓቶቼና ትራንስክሪፕቴ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል፤ በጁላይ ቅድመ ንባብ እንዲደረግልኝና ቤተሰቤ የገንዘብ ግምቱን አብሮ እንዲያገኝ እጠይቃለሁ፤ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ባሉበት ቀን መጥቼ ከቡድኑ ጋር አንድ ሌሊት ማደር እችላለሁ ወይ። እርስዎ ከመላኩ በፊት ያንብቡለት እንጂ አይጻፉለት።